ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ መብራት፦ የአንድ አሮጌ ተጎታች ቤት የኋላ መብራቶች ምርጫና የሽቦ ዝርጋታ

ይህ የጉዳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1963 በደቡብ ካሊፎርኒያ ስለተሠራ አንድ ተጎታች ቤት የኋላ መብራቶች ነው። ተጎታቹ ርዝመቱ 16 ጫማ፣ ማለትም 5 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በአንድ ጥንድ ጎማ የሚሄድ፣ በውስጡ አልጋ፣ ምድጃና ታጣፊ ጠረጴዛ የያዘ የመዝናኛ ቤት ነው። አካሉ በዚያ ዘመን በነበረው አሠራር ከእንጨት ሞራሌ ተዋቅሮ በላዩ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ለብሷል፤ ከሥሩ የብረት ሻንሲ አለው። ይህ አወቃቀር ለጉዳዩ ቁልፍ ስለሆነ ከመነሻው ልብ ሊባል ይገባል፦ ብረቱ ከታች፣ እንጨቱ መሐል፣ አሉሚኒየሙ ከውጭ ሲሆን፣ መብራቶቹ የተሰቀሉት በአሉሚኒየሙ ላይ ነው።

ባለንብረቱ በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ተጎታቹን የገዙት መልኩን አሳምሮ ከሸጠላቸው ግለሰብ ነው። ቀለሙ አዲስ፣ መጋረጃው አዲስ፣ የወለሉ ንጣፍ አዲስ ነበር፤ የኋላ መብራቶቹ ግን የጥንቶቹ ነበሩ፣ ተወልውለው በቦታቸው ተመልሰዋል። ከአንድ የምሽት ጉዞ በኋላ ከኋላ በሌላ መኪና ይከተላቸው የነበረው ልጃቸው አንድ እንግዳ ነገር ነገራቸው፦ «አባባ፣ ፍሬን ስትይዝ የግራው መብራት ይጠፋል»። ቀን ላይ ደግሞ የግራ ፍሬቻ ሲበራ የቀኙ መብራት አብሮ በደካማው ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ቆየት ብሎ የትራፊክ ፖሊስ አስቁሟቸው፣ መብራቱን አስጠግነው ማረጋገጫ እንዲያቀርቡ የሚያዝ ወረቀት ሰጣቸው። በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለው ወረቀት ሲሰጥ፣ ጥገናው ከተፈጸመ በኋላ አንድ የፖሊስ ባልደረባ አይቶ ይፈርምበታል፤ ለፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ ጉድለት 25 ዶላር ተከፍሎ ጉዳዩ ይዘጋል። ሥራው ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት መብራቱን ያየላቸው ሰው አምፖሎቹን በሙሉ በአዲስ ለውጦላቸው ነበር፤ ለውጥ ግን አልመጣም።

ችግሩን ለመረዳት በመብራቱ ውስጥ ያለውን አምፖል ማወቅ ያስፈልጋል። በእነዚህ መብራቶች የሚገባው 1157 የሚል ቁጥር ያለው አምፖል ሁለት ክሮች አሉት። ቀጭኑ 8 ዋት ገደማ የሚወስድ የሌሊት መብራት ሲሆን፣ ወፍራሙ 27 ዋት ገደማ የሚወስድ የፍሬንና የፍሬቻ መብራት ነው። በአሜሪካ ሕግ ፍሬቻ ከኋላ ቀይ መሆን ስለሚፈቀድለት፣ አንዱ ወፍራም ክር ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ አገር ቤት በብዛት የምናያቸው የጃፓን መኪኖች ግን ብርቱካናማውን ፍሬቻ ለብቻው ይይዛሉ። የአሜሪካ ተጎታች በአራት ሽቦ ብቻ የሚበራውም በዚህ ምክንያት ነው፦ አንድ ለሌሊት መብራት፣ አንድ ለግራ፣ አንድ ለቀኝ፣ አንድ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ለሚመለስበት፣ ማለትም ለማሳ። ሁለቱ ክሮች የየራሳቸው መግቢያ ቢኖራቸውም መውጫቸው አንድ ነው፤ እሱም የአምፖሉ የብረት አካል ነው። መውጫው ከተዘጋ ወይም ከጠበበ ሁለቱ ክሮች እርስ በርሳቸው መጣላት ይጀምራሉ።

የተሠራው ምርመራ አጭር ነበር። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ተጎታቹን ከሚስበው ፒክአፕ ባትሪ ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከመብራቱ የብረት አካል ጋር አገናኝቼ ለካሁ። ጤናማ ማሳ ባለው መብራት ይህ ልኬት ዜሮ ወይም ከዜሮ በጥቂቱ ከፍ ያለ መሆን አለበት። በግራው መብራት ግን የሌሊቱ መብራት ብቻ ሲበራ 6.8 ቮልት፣ በዚያ ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ 11.6 ቮልት አነበበ፤ የሚገባው ኃይል 12.4 ቮልት ነበር። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የልጁን ምስክርነት ሙሉ በሙሉ ያብራራሉ። የመብራቱ አካል ከማሳ ጋር የተገናኘው በዛገ ብሎን በኩል ስለነበር፣ ያ ቦታ ለኤሌክትሪኩ ከ10 ኦም በላይ የሆነ መሰናክል ሆኗል። ቀጭኑ ክር ብቻውን ሲሠራ የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ በመሰናክሉ ውስጥ ጥቂት አልፎለት በደካማው ይበራል። ፍሬን ሲያዝ ግን ወፍራሙ ክር፣ ቀዝቃዛ እያለ እጅግ ትንሽ የመቋቋም ኃይል ያለው በመሆኑ፣ የመብራቱን አካል በሙሉ ወደ 12 ቮልት አቅራቢያ ያነሣዋል። ያን ጊዜ ሁለቱም ክሮች ከአንድ ወገን 12.4፣ ከሌላው ወገን 11.6 ቮልት ይዘው ይቆማሉ፤ የቀረላቸው ልዩነት ከ1 ቮልት በታች ነው፣ በዚህ ደግሞ የትኛውም ክር አይበራም። ስለዚህ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር መብራቱ ይጠፋ ነበር። ጨርሶ ከማይበራ መብራት ይልቅ ይህ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ባለመኪናው ከመነሣቱ በፊት ዞሮ ሲያየው መብራቱ በርቶ ያገኘዋል።

የቀን ብልጭታውም ምንጩ ይኸው ነው። የሌሊቱ መብራት ጠፍቶ የግራ ፍሬቻ ብቻ ሲሠራ፣ በወፍራሙ ክር የገባው ኤሌክትሪክ በማሳው መውጫ ሲያጣ በቀጭኑ ክር ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ጋራው የሌሊት መብራት ሽቦ ይገባል፤ ከዚያም በቀኙ መብራት ቀጭን ክር አልፎ ማሳ ያገኛል። ቀኙ መብራት በደካማው የሚያብለጨልጨው በግራው ኤሌክትሪክ ነበር ማለት ነው። አንዱ ፍሬቻ ሌላውን ሲያነቃ ያየ ሰው አምፖል ከመቀየሩ በፊት ማሳውን ቢለካ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያተርፋል።

የቀኙ መብራትም ቢሆን ጤነኛ አልነበረም። ሁለቱም ክሮቹ ሲበሩ በማሳው በኩል 1.9 ቮልት ይጠፋ ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ እጅግ በፈጠነ መጠን ይወርዳል፣ በግምት የቮልቴጁ ምጥጥን 3.4 ጊዜ በራሱ እንደተባዛ ማለት ነው። ከ12.4 ቮልት ወደ 10.5 የወረደ አምፖል የሚሰጠው ብርሃን ከሚጠበቅበት 57 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዓይን በጨለማ ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ በካሊፎርኒያ የቀትር ፀሐይ ግን የፍሬን መብራቱ መብራቱና አለመብራቱ አይለይም።

መብራቶቹ ሲነቀሉ የተገኘው ነገር የልኬቱን ውጤት አረጋገጠ። በግራው መብራት ሥር ያለው የብረት ብሎን አንገቱ ላይ ዝጎ ቀጥኗል፣ በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ደግሞ ነጭ ግራጫ ዱቄት አብቅሏል። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ የሚወጣው ዱቄት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከዱቄቱ በታች ብሎኑ የተያያዘበት እንጨት ለስልሶ በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ እንደ እርጥብ እንጀራ ይገባ ነበር። መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች የመብራቱን ማሳ በብሎኑ ወደ ላሜራው፣ ከላሜራው ደግሞ በምስማርና በአጋጣሚ ንክኪ ወደ ሻንሲው እንዲደርስ ትተውት ነበር። ላሜራው አዲስ፣ መጋጠሚያው ንጹሕ በነበረበት ዘመን ይህ ሳይሠራ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ግን ላሜራዎቹ የሚደራረቡበት ቦታ ሁሉ በማሸጊያ ተሞልቷል፣ ውጩ ቀለም ተቀብቷል፣ በመጨረሻም ያሳመረው ሰው ውኃ እንዳይገባ በማሰብ በመብራቱና በላሜራው መካከል ወፍራም የጎማ ጋስኬትና ሲሊኮን አድርጎበታል። ውኃን ለመከላከል የተደረገው ነገር ሁሉ የኤሌክትሪኩን መመለሻ ዘግቶታል ማለት ነው። ሰውየው ለውኃው መጠንቀቁ አይነቀፍም፤ የጎደለው ለማሳው ሌላ መንገድ አለመስጠቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለባለንብረቱ ያቀረብኩት ሐሳብ በሁለት መርሖች ላይ የቆመ ነበር። አንደኛው፣ የትኛውም መብራት በተሰቀለበት አካል በኩል ማሳ እንዳይፈልግ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ የመመለሻ ሽቦ እስከ ፊት ስፒና ድረስ እንዲዘረጋለት ነው። ሁለተኛው፣ በላሜራው ላይ አንድም አዲስ ቀዳዳ እንዳይበሳ ነው። የመብራቱ ዓይነት የሚመረጠው እነዚህ ሁለቱ ከተወሰኑ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን ምርጫውን የሚጀምረው ከመልኩ ነው፤ ባለንብረቱና በተለይም ባለቤታቸውም የጀመሩት ከዚያ ነበር። «የጥንቱ መብራት ከወጣ ተጎታቹ ምን ቀረው?» የሚለው የባለቤታቸው ጥያቄ ተገቢ ስለነበር መልስ ማግኘት ነበረበት።

በሕግ በኩል ሁኔታው እንደሚከተለው ነው። የመኪናና የተጎታች መብራትን የሚወስነው 108 ቁጥር የፌዴራል ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1968 ስለሆነ የ1963ቱን ተጎታች አያስገድደውም። የሚገዛው የክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1958 መጀመሪያ ወዲህ ተሠርቶ ለተመዘገበ ተሽከርካሪ ቢያንስ ሁለት ቀይ የኋላ መብራት ይጠይቃል፤ እነዚህም ከ1969 በፊት ለተሠሩት ከ500 ጫማ፣ ማለትም ከ150 ሜትር ገደማ ርቀት በግልጽ መታየት አለባቸው። የፍሬን መብራት በቀን ብርሃንም በሌሊትም ከ300 ጫማ ሊታይ ይገባል፤ ታርጋው ደግሞ በነጭ መብራት ከ50 ጫማ መነበብ አለበት። ይህ ዝቅተኛው ነው። እኔ ግን የ60 ዓመት ተጎታች የሚሄደው ከዛሬ መኪኖች ጋር በአንድ አውራ ጎዳና ስለሆነ፣ ባይገደድም የፌዴራሉን ደረጃ መለኪያ ማድረግን እመርጣለሁ። ያ ደረጃ ስፋቱ ከ80 ኢንች በታች ለሆነ ተሽከርካሪ የፍሬን መብራቱ ብርሃን የሚወጣበት ስፋት ቢያንስ 50 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ 80 ኢንችና ከዚያ በላይ ለሆነ 75 እንዲሆን ይጠይቃል። የእኛ ተጎታች ስፋቱ 78 ኢንች ነው። የጥንቱ ክብ መብራት ሽፋን ዲያሜትሩ 7.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ስፋቱ 45 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብቻ ይመጣል። ጥቂት ጎድሎታል፤ በዚያ ላይ ፕላስቲኩ ከዘመናት ፀሐይና ከአምፖል ሙቀት የተነሣ ተሰነጣጥቆ ቀለሙ ጠውልጓል። አምፖሉንና ማሳውን ብቻ አስተካክሎ እነዚህኑ መብራቶች ለፍሬን መጠቀም ይቻል ነበር፣ ፖሊሱም ይፈርም ነበር። ይህን ለባለንብረቱ ነግሬያቸዋለሁ፤ አልመከርኩትም እንጂ አልደበቅሁትም።

በምትኩ ሦስት አማራጮች ተነጻጸሩ። የመጀመሪያው በጥንቶቹ ቦታ ዘመናዊ ሞላላ መብራት መትከል ነበር፤ ይህ ላሜራውን ሰፋ አድርጎ መቁረጥና ከበስተጀርባው ያለውን ሞራሌ መንካት ስለሚጠይቅ ወዲያው ወደቀ። ሁለተኛው አሮጌ መልክ ያለው፣ ነገር ግን ሰፋ ያለ አዲስ መብራት ከላሜራው በላይ መለጠፍ ነበር፤ መልኩ ጥሩ፣ ዋጋው መካከለኛ፣ ግን ለብሎኖቹ አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የጥንቶቹን ቀዳዳም አይሸፍንም። የተመረጠው ሦስተኛው ነው። የጥንቶቹ መብራቶች በቦታቸው፣ በዚያው ቀዳዳቸው ይቆያሉ፤ ሥራቸው ግን የሌሊት መብራት ብቻ ይሆናል። የፍሬን፣ የፍሬቻና ተጨማሪ የሌሊት መብራት የሚሰጡ ሁለት አዳዲስ መብራቶች ደግሞ ከላሜራው ጭራሽ ወርደው በኋላው የብረት ባምፐር ላይ በሚበየድ ማቀፊያ ይሰቀላሉ። ባምፐሩ ከመሬት 46 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ ደረጃው ከሚጠይቀው ዝቅተኛ ከፍታ፣ ማለትም ከ15 ኢንች ወይም ከ38 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። የተሰቀሉበት ብረት ስለሆነ የሚበሰብስ እንጨት የለም፣ ውኃ የሚገባበት ግድግዳም የለም።

ለባምፐሩ የተመረጠው ባለ 4 ኢንች ክብ፣ ሙሉ በሙሉ የታሸገ የኤልኢዲ መብራት ነው። ስፋቱ 81 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ለሰፊ ተሽከርካሪ የተቀመጠውን 75 እንኳ ያልፋል። የጭነት መኪኖች የሚጠቀሙበት መደበኛ መጠን በመሆኑ በየትኛውም የጭነት መኪና ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ በጉዞ መሐል ቢሰበር በምሽትም ቢሆን ማግኘት ይቻላል። ለእኔ ይህ ከመልክም ከዋጋም የሚበልጥ ምክንያት ነበር። መብራቱ የአምፖል መያዣ ስለሌለው የሚዝግ ነገር የለውም፣ ሦስቱም ሽቦዎቹ፣ ማሳውን ጨምሮ፣ ከውስጡ ታሽገው ይወጣሉ። ሲገዛ ሽፋኑ ላይ የተቀረጹትን ፊደላት ማንበብ ይገባል፦ «ኤስ» የፍሬን፣ «ቲ» የሌሊት፣ «አይ» የፍሬቻ መብራት መሆኑን ያመለክታሉ፤ «ኤ» ደግሞ አንጸባራቂ ነው። በገበያ ላይ መልካቸው አንድ ሆኖ «ፒ2» ብቻ የተጻፈባቸው መብራቶች አሉ፤ እነዚህ የጎንና የጠርዝ ምልክት እንጂ የፍሬን መብራት አይደሉም። የገዛናቸው መብራቶች «ኤ» ስላልነበራቸው ሁለት ቀይ አንጸባራቂዎች ለብቻ ተገዝተው ባምፐሩ ላይ ተለጠፉ።

በጥንቶቹ መብራቶች ውስጥ ቀይ የኤልኢዲ አምፖል ገባ። ነጭ ሳይሆን ቀይ የሆነበት ምክንያት አለው፦ የነጭ ኤልኢዲ ብርሃን አብዛኛው ቀዩ ሽፋን የሚውጠው ስለሆነ የሚወጣው ብርሃን ደብዛዛና ወደ ሐምራዊ ያደላ ይሆናል። ሙቀቱም ትንሽ ስለሆነ የተሰነጣጠቀው ፕላስቲክ ይዞ ይቆያል። ከእያንዳንዱ የአምፖል መያዣ አካል ላይ አንድ ነጭ ሽቦ በቆርቆሮ ተበይዶ ወደ ጋራው ማሳ ወረደ፤ ከዚህ በኋላ ጋስኬቱም ሲሊኮኑም ቀለሙም የፈለገውን ያህል ቢወፍር ግድ የለም። የበሰበሰው እንጨት ተቆርጦ በአዲስ ተተካ፣ የብረት ብሎኖቹ በማይዝጉ ተለወጡ፣ ከሲሊኮን ይልቅም እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የቡቲል ጥብጣብ ከሥራቸው ተደረገ።

ሽቦውን በተመለከተ በግድግዳው ውስጥ የነበረው ሁሉ ባለበት ተተወ፤ ጫፉ ግን ተቆርጦ ታሸገ። ይህን ከማድረጌ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ማስታወስ ተገቢ ነው። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ የ12 ቮልቱ ሽቦ ከ120 ቮልቱ የቤት ኤሌክትሪክ ጋር ጎን ለጎን ያልፋል፤ ጥቁርና ነጭ ቀለም በሁለቱም ውስጥ አለ፣ ትርጉሙ ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ ተጎታቹ ከካምፕ ኤሌክትሪክ ሳይነቀልና ሽቦው በቴስተር ሳይረጋገጥ በፒንሳ የሚቆረጥ ነገር መኖር የለበትም።

የቀለሙ ጉዳይ በ12 ቮልቱም ውስጥ ግራ ያጋባል። በተለመደው ባለ አራት ሽቦ የተጎታች አሠራር ቡናማ የሌሊት መብራት፣ ቢጫ ግራ፣ አረንጓዴ ቀኝ፣ ነጭ ማሳ ነው። የመዝናኛ ቤት አምራቾች በልማድ የሚጠቀሙበት የባለ ሰባት ሽቦው ስፒና ቀለም ግን ሌላ ነው፤ በዚያ አረንጓዴ የሌሊት መብራት፣ ቀይ ግራ፣ ቡናማ ደግሞ ቀኝ ፍሬቻ ነው። ቡናማን ከቡናማ፣ አረንጓዴን ከአረንጓዴ ጋር ያገናኘ ሰው የቀኝ ፍሬቻና የሌሊት መብራት አቀያየረ ማለት ነው። በዚህ ተጎታች ምላስ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት የፊት ብረት ላይ ሁለቱ አሠራሮች በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለው ተጋጥመው ተገኙ፤ ግንኙነቱ ትክክል ነበር፣ ግን ያንን ያወቅሁት ቀለሙን አይቼ ሳይሆን እያንዳንዱን ሽቦ ለክቼ ነው። አዲሱ ዝርጋታ ከስፒናው እስከ ባምፐሩ ድረስ በአንድ የቀለም አሠራር፣ በባለ አራቱ ሥርዓት ተሠራ፤ የሽቦው ካርታም በወረቀት ተሥሎ በአልጋው ሥር ባለው ሳጥን ክዳን ውስጥ ተለጠፈ።

አዲሱ መስመር በግድግዳው ሳይሆን ከወለሉ በታች በሻንሲው ጎን፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ፣ ከጎማና ከጋዝ ቧንቧ ርቆ ተዘረጋ። ለመብራቶቹ 16 ቁጥር ሽቦ በቂ ነው፤ በአሜሪካ መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ልብ ይሏል። ለጋራው ማሳ ግን 10 ቁጥር ተደረገ። ምክንያቱ መብራቶቹ አይደሉም። ተጎታቹ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው፤ ሁለቱ የፍሬን ማግኔቶች እያንዳንዳቸው ወደ 3 አምፔር ስለሚወስዱ፣ ሹፌሩ ፍሬን በያዘባት በዚያችው ቅጽበት 6 አምፔር በዚያው ነጭ ሽቦ ይመለሳል። በቀድሞው 16 ቁጥር ማሳ ላይ ይህ 6 አምፔር ከአሮጌዎቹ አምፖሎች 5 አምፔር ጋር ሲደመር፣ በ6 ሜትር ርዝመት ብቻ 0.9 ቮልት ገደማ ይጠፋ ነበር። በ10 ቁጥር ያው ጭነት 0.2 ቮልት ገደማ ብቻ ያጠፋል። የፍሬን መብራት ከምንጊዜውም በላይ በሚፈለግበት ሰዓት እንዲደበዝዝ የሚያደርገው ይህ የተደበቀ ጭነት ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ ፍሬን ባለው ተጎታች ላይ በማሳ ሽቦ ውፍረት መቆጠብ አይመከርም።

ሁሉም ተገጥሞ ከፒክአፑ ጋር ሲገናኝ ሌሊቱም ፍሬኑም እንደሚገባ ሠራ። በፍሬቻው ላይ ግን ፒክአፑ በፍጥነት ማብለጨለጭ ጀመረ፣ በሹፌሩ ፊትም የተጎታች መብራት ተቃጥሏል የሚል ምልክት ወጣ። ይህ የሽቦ ብልሽት አይደለም። መኪናው በፍሬቻ መስመሩ 2 አምፔር ገደማ የሚወስድ አምፖል ሲጠብቅ፣ ኤልኢዲው የሚወስደው ከዚያ እጅግ ጥቂቱን በመሆኑ አምፖሉ እንደሌለ ይቆጥረዋል። የተለመደው መፍትሔ ባለ 6 ኦም፣ ባለ 50 ዋት መጫኛ ሬዚስተር፣ ማለትም በአምፖል ፋንታ ኤሌክትሪክ የሚወስድ መሰናክል፣ በየፍሬቻው መስመርና በማሳው መካከል ማገናኘት ነው። መፍትሔው ይሠራል፣ ነገር ግን የሚገጠምበት ቦታ የሕይወት ጉዳይ ነው። በ13.5 ቮልት እንዲህ ያለው ሬዚስተር 30 ዋት ገደማ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ፍሬቻ ሲያብለጨልጭ ግማሹን ጊዜ ስለሚያርፍ ሙቀቱ ልከኛ ነው፤ የፍሬንና የፍሬቻው መስመር አንድ በሆነበት ተጎታች ላይ ግን፣ ሹፌሩ በሎስ አንጀለስ የትራፊክ መጨናነቅ ፍሬን ይዞ ለደቂቃዎች ሲቆም፣ ሬዚስተሩ ያለ ዕረፍት ይሞቃል፣ እጅ አያስነካም። ብዙዎች ቅርብ ስለሆነ ከመብራቱ ጀርባ በግድግዳው ውስጥ ይተዉታል። በእንጨትና በማገጃ አረፋ የተሞላ የ60 ዓመት ግድግዳ ውስጥ ያንን ማድረግ እሳት መጋበዝ ነው። በዚህ ተጎታች ሁለቱ ሬዚስተሮች ከወለሉ በታች በሻንሲው ብረት ላይ፣ ሙቀት በሚያሳልፍ ቅባት ተደላድለው፣ በሁለት በሁለት ብሎን ታሰሩ፤ ሽቦዎቻቸውም ሙቀት በሚችል መሸፈኛ ተጠቀለሉ። በኤልኢዲ የተቆጠበው ኃይል በፍሬቻና በፍሬን መስመር ላይ በሬዚስተር መልሶ መጥፋቱ ትንሽ ያስቃል፤ ባለንብረቱም ስቀዋል። የሌሊቱ መብራት ቁጠባ ግን አልተነካም፣ ረጅሙን ሰዓት የሚበራውም እሱ ነው።

በመጨረሻው ልኬት በሁለቱም አዳዲስ መብራቶች አጠገብ፣ ሁሉም ነገር በርቶ ፍሬን ተይዞ፣ በማሳው በኩል የጠፋው 0.15 ቮልት ነበር። ከዚያም ተጎታቹ ሰፊ ሜዳ ላይ ቆሞ በቀትር ፀሐይ ከ300 ጫማ፣ ሲመሽ ከ500 ጫማ ታየ። በጨለማው ሙከራ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ታይቷል፦ የጥንቶቹ መብራቶች ከላይ፣ አዳዲሶቹ ከታች በአንድነት ሲበሩ የተጎታቹ ቁመትና ስፋት ከሩቅ ይለያል፤ ሁለት መብራት ብቻ በነበረው ጊዜ ግን ከሩቅ እንደ ትንሽ መኪና ይታይ ነበር። ፍሬን ሲያዝ የታችኞቹ ጎልተው ስለሚደምቁ የላይኞቹ አለመለወጣቸው አያደናግርም። የፖሊስ ባልደረባውም አይቶ ፈረመ።

ከሥራው ያልተነካው የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ የስፋት ምልክት መብራቶች ናቸው። የተጎታቹ ስፋት ከ80 ኢንች በታች ስለሆነ እነሱን ማብራት ግዴታ አይደለም፤ ቀዳዳዎቻቸው ግን ውኃ ከሚገባባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ ናቸው። ሽቦአቸው ተነቅሎ ጫፉ ታሽጓል፣ ዙሪያቸው ለጊዜው በቡቲል ተደፍኗል። ባለንብረቱ ጣሪያውን በመጪው በጋ ለማደስ ስላሰቡ፣ ላሜራው በሚነሣበት ጊዜ የማሳ ሽቦ ከውስጥ ይሳብላቸዋል፤ ለዚያ የሚሆን አንድ ትርፍ ነጭና አንድ ትርፍ ቡናማ ሽቦ ከወለሉ በታች ካለው ቱቦ ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ቀርቷል፣ በወረቀቱ ካርታም ላይ ተመልክቷል።